ልጄ እንድትናገር ከድሬ ወጣሁ

ከድሬ በወጣንበት ማታ፣ የመጋላ ሰፈር ጎረቤቶቻችን ባጃጁን ከበው ምክር አወረዱብን። የአምስት ዓመት ልጄ ሃያት አትናገርም ነበር፤ ስለ እሷ ግን የማይናገር ሰው አልነበረም። አንዷ፣ «ምላሷ ከሥሩ ተይዞ ነው፣ ጅማቱን አስቆርጪላት» ትላለች። ሌላዋ፣ «አቦ ተያት! አባቷም ዘግይቶ ነው የተናገረው» ትላለች። ማንጎ ለመግዛት አስር ጊዜ የሚጨብጡ ሴቶች በልጄ ምላስ ላይ ለአፍታ እንኳ አልተጠራጠሩም።

ከሁሉ የባሰችው የመዋዕለ ሕፃናቷ ዳይሬክተር ናት። በሁለተኛው ሳምንት ሃያትን መለሰችልኝ።

«እኛ የምናስተምረው የሚናገር ልጅ ነው።»

«የሚናገረውንማ እኔም አስተምረዋለሁ» አልኳት። ከጀርባዋ «ሁሉም ሕፃን የመማር መብት አለው» የሚል ተለጥፏል። ወላሂ፣ አላፈረችም።

ባሌ ጀርመን ነበር፤ ወደ እሱ ሄድን። ሃያትን ከእኔ እኩል ያሳደገቻትን እናቴን ብቻዋን ትቼ።

እዚህ ብርዱ አጥንት ይገባል፣ ቲማቲሙ ውሃ ውሃ ይላል፣ ሰዉ በደረጃ ላይ ሰላም ሲልህ እንኳ ገንዘብ የሚከፍል ይመስላል። በድሬ ሹም ይሁን ሽማግሌ «አንተ» ነው፤ እዚህ ቢሮ ውስጥ «ዚ» ካላልክ፣ ማለትም «እርስዎ» ካላልክ፣ ፊት ይጠቁርብሃል። ከእነዚህ የቢሮ ሹሞች አንዱ በአስተርጓሚ ጠየቀኝ፤

«ከልጅሽ ጋር በምን ቋንቋ ታወሪያለሽ?»

«እኔ በአማርኛ። አያቷ በኦሮምኛ፣ ጎረቤት በሶማሊኛ።»

«በዛ! ግራ ያጋባችኋት እናንተ ናችሁ። አንዱን ምረጪ።»

«ታዲያ ጎረቤቴን ላባርር ነበር?»

አስተርጓሚው ይህችን አልተረጎማትም። ፈሪ።

አከራያችን ደግሞ ሃያት በጮኸች ቁጥር በር ይደበድባል። «ሩኸ!» ይላል፣ ጸጥታ ማለቱ ነው።

«መናገር ስላቃታት ነው የምትጮኸው» አልኩት።

«ታዲያ ትናገራ!»

ይኼም ሰው ትምህርት ቤት ገብቶ ወጥቷል።

ከብዙ ወራት ወረፋ በኋላ የንግግር ሕክምና ባለሙያ ዘንድ ደረስን፤ «ሎጎፔዲን» ይሏታል። መሣሪያ፣ መድኃኒት ጠብቄ ነበር። ሴትዮዋ ወለል ላይ ቁጭ ብላ የሳሙና አረፋ ትነፋለች! ናቅኳት። ነፋች፣ ክዳኑን ዘጋች፣ ሃያትን አየቻትና ዝም አለች።

«ትፈልጋለች፣ ንፊላት» አልኩ።

«አንቺን አልጠየቅሁም» አለችኝ በቀስታ። «ጠብቂያት። በቋንቋም አትጨነቂ፣ በራስሽ ቋንቋ አውሪያት።»

ደነገጥኩ። አምስት ዓመት ሙሉ ለልጄ ስመልስላት፣ ራሷ እስክትመልስ አንድ ቀን ጠብቄያት አላውቅም። ሰውን ሁሉ ስወቅስ ራሴን ዘልዬ ነበር።

በየሳምንቱ ሄድን። መጀመሪያ እጇን ወደ ክዳኑ ዘረጋች። ቀጥሎ የአረፋ ሥዕል ያለበትን ካርድ አንስታ ሰጠች። በረዶ በጣለበት ቀን ደግሞ «ኖኽ» አለች፤ በጀርመንኛ «ጨምሪ» ማለት ነው። ከዚህ ሌላ ጥቂት ቃላት አሏት፣ ከእኩዮቿ ግን ገና ብዙ ይቀራታል።

ትናንት ለእናቴ ደወልኩላት።

«የጎረቤታችን ትንሿ ልጅም አፏ አልፈታ አለ» አለችኝ። «እዚያ ለሃያት ምን እንዳደረጉላት ንገሪኝ፣ ለእናትየው ልንገራት።»

«አብራት ወለል ላይ ትቀመጥ። የምትወደውን ነገር ይዛ ዝም ብላ ትጠብቃት። ልጅቷ በዓይንም በእጅም ብትጠይቅ ቶሎ ትስጣት።»

«ሌላስ?»

«በየቀኑ ይኼንኑ። የሚያውቅ ሰው ቢያሳያት ይሻላል።»

«የሚያውቅ ሰው እዚህ የት አለና?» አለች። ቀጥላም፣ «ልጄ፣ ለዚህ ነው ጥለሽኝ የሄድሽው?»