ያልተቀደደው የወንበር ልብስ

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ ተናግሬ አላውቅም። ጾም በገባ ቁጥር እሄዳለሁ፤ ስድቤን፣ መጠጤን፣ ሐሜቴን እዘረዝራለሁ፤ እዚህ ጋ ስደርስ ምላሴ ይተሳሰራል። ለእናንተ የምነግራችሁ ስለማታውቁኝ ይሆናል።

ከጅማ ሊሙ ገነት ሚኒባስ እነዳለሁ። መኪናዋን የገዛሁ ሰሞን መርካቶ ወስጄ የወንበር ልብስ አሰፋሁላት፤ ቀይ፣ ዳር ዳሩ ጥቁር። ልብስ ሰፊው ጋቢናውን እያለበሰ፣ «የቀበቶው መሰኪያ የሚወጣበትን ልቅደደው?» አለኝ። በእኔ በኩል ቅደድ አልኩት፤ ካላሰርኩ ትራፊክ ይቀጣኛላ። በተሳፋሪው በኩል ግን፣ «ተወው፣ መልኩን ያበላሸዋል» አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት፤ ሌላ ማንም አይደለም።

እትዬ ዘሃራ የሰፈራችን ሰው ናቸው። ሊሙ ገነት የተዳረች ልጃቸውን ሊጠይቁ ሲሄዱ ከእኔ ሌላ መኪና አይሳፈሩም። ያን ቀን ጋቢና ተቀምጠው ቀበቶውን ሳቡና መሰኪያውን በእጃቸው ሲፈልጉ ቆዩ።

«ማሎ ልጄ፣ የቱ ጋ ነው የሚገባው?» አሉኝ።

«ዝም ብለው ደረትዎ ላይ ይያዙት፤ ትራፊክ እንደሁ ከሩቅ ነው የሚያየው» አልኳቸው። እየሳቅኩ ነበር።

አመኑኝ። በሁለት እጃቸው ይዘውት ተጓዝን።

ሊሙ ገነት ልንደርስ ስንል ዝናብ ያራሰው ኩርባ ላይ ላም ገባችብኝ። ፍሬን ያዝኩ፤ መኪናዋ ተንሸራታ ዛፍ ገጨች። እኔ ቀበቶ አስሬ ስለነበር ደረቴን ከማመሙ በቀር ምንም አልሆንኩም። እሳቸው ግን በፊታቸው መስታወቱ ላይ ወደቁ።

ሰዎች ተሸክመው ሲወስዷቸው እኔ ምን አደረግሁ? አብሬ ሮጥኩ? አልሮጥኩም። ቢላዋ አውጥቼ ደም የነካውን የወንበር ልብስ ቀደድኩ፤ መሰኪያውን ጎትቼ አወጣሁት። ትራፊኩ ሲደርስ፣ «ቀበቶ እሰሩ ብያቸው ነበር፤ እምቢ አሉ» አልኩ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

የግራ ዓይናቸው ጠፋ። የዚያን ቀን ነገር ሁሉ ከአእምሯቸው ወጣ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ የእኛ ተገላቢጦሽ ሆነ። የረሱትንም በእኔ ውሸት ሞሉት። አሁን መኪና የሚሳፈር ዘመድ ባዩ ቁጥር፣ «እሰሩ፤ እኔ በእልኬ ነው ዓይኔን ያጣሁት» ይላሉ። ምክራቸው እውነት ነው። እልኸኛ ያደረግኋቸው ግን እኔ ነኝ።

ባለፈው ዓመት ረመዳን ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው ልጃቸው እጃቸውን ይዛ ቤቴ አመጣቻቸው። አልቀመጥም ብለው በሩ ላይ ቆሙ።

«ልጄ፣ ያኔ እምቢ ብዬህ ፖሊስ ጣቢያ አመላለስኩህ። ጾሙ ሳይገባ አውፍ በለኝ» አሉኝ።

እውነቱን ልናገር አፌን ከፈትኩ። የወጣው ቃል ግን፣ «አውፍ ብያለሁ፣ እትዬ» የሚል ነበር። መረቁኝ። አሜን አልኩ።

ደንግጬ ነው አልልም፤ እንጀራዬን ፈርቼ ነው አልልም። መሰኪያውን የሸፈንኩት ሳላስብ ነው ብል ምናልባት ታምኑኝ ይሆናል። እሳቸውን ግን ይቅር ያልኳቸው እያወቅሁ ነው።