አሰልጣኙ ዘንድ ሽማግሌ ሆነን የሄድን ዕለት

ልጅ እያለሁ፣ የገና በዓል ሲቃረብ፣ የደብረ ብርሃን ልጆች ሁሉ ጫፉ ቆልመም ያለ የወይራ ዱላ ፍለጋ እንንከራተት ነበር። ዱላው በእሳት ተለብልቦ ቅቤ ሲቀባ የሚሰጠው ሽታ እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ውስጥ አለ። ከጠዋት ጀምሮ ውርጭ ባነጣው ሜዳ ላይ ሩሯን፣ ያቺን ትንሽ ድቡልቡል ኳስ፣ ስናሳድድ እንውላለን። እኔ ግን ከተቃራኒው ወገን መስመር አሻግሬ መትቻት አላውቅም። አንድ ዓመት የወገናችን አለቃ "አንተ ዛሬ ልብስ ጠብቅ" ብሎ ዳር አስቀመጠኝ። አጎቴ በዚያ ሲያልፉ አዩኝና "ለእኔ ስትል አጫውተው" አሉት፤ ወዲያው ገባሁ። የተከበረ ሰው ቃል የተዘጋ በር እንደሚያስከፍት ያን ዕለት ተማርኩ። ይህንኑ እምነት በመንግሥት ሥራ ባሳለፍኳቸው ዓመታት ሁሉ ይዤው ኖርኩ፤ ጡረታ ወጥቼ ባሕር ማዶ፣ ልጄ ዘንድ ሌዊስቪል ስመጣም አብሮኝ መጣ።

ጊዜው በፈረንጆቹ አቆጣጠር የሁለት ሺዎቹ የመጀመሪያ አሥርት ሊያበቃ የተቃረበበት፣ ስልኮቻችን ገና ታጣፊ የነበሩበት ነው። የልጅ ልጄ ሶልያና አሥር ዓመቷ ነበር። ውጭው በሙቀት ሲነድ፣ እርሷ አዳራሽ ውስጥ በተሠራ የበረዶ ሜዳ ላይ ሆኪ ትጫወታለች። ፍጥነቷን ያየ ሁሉ ትልቅ ደረጃ እንደምትደርስ ይናገር ነበር። ይሁንና ወደ ተሻለው የልጃገረዶች ቡድን ከተዛወረች ወዲህ አንድም ግብ አላስቆጠረችም። ፓክ የሚሏት ጥቁር ጠፍጣፋ ጎማ ወይ በግቡ ጎን ታልፋለች፣ ወይ በረኛዋ ደረት ላይ ታርፋለች። እናቷ ነርስ በመሆኗ ቅዳሜን ሥራ ላይ ስለምትውል ልጅቷን የማጅባት እኔ ነበርኩ። በወላጆች መካከል ተቀምጬ፣ በሳተች ቁጥር ዓይኔን መሬት ላይ እተክላለሁ። በልጅቷ አፍር ነበር፤ ይህን መጻፍ ዛሬም ይከብደኛል።

በመኪናው የሚያደርሰን ጎረቤታችን ከድር ነበር፤ ታክሲ የሚነዳ፣ ጺማም፣ ተጫዋች የወሎ ሰው። አንድ ቅዳሜ ጨዋታው አልቆ ሶልያናን ደጅ ስንጠብቅ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

"ወላሂ ጋሼ፣ ይሄ አሰልጣኝ ሊያባርራት ነው። ይኸው ግማሹን ጨዋታ አግዳሚ ላይ አይደል ያስቀመጣት?"

"ምን ይሻላል ትላለህ?"

"ሽማግሌ እንላክበታ!"

"በዚህ አገር ሽማግሌ ከየት ይመጣል?"

"እኛ ምን ሆንን? እርስዎ ሱፍዎን ይልበሱ፤ ንግግሩም የእርስዎ ነው። እኔ ጺሜን ይዤ እቆማለሁ።"

በሳምንቱ ከልምምድ በኋላ ሁለታችንም ከረባት አስረን አሰልጣኙ ክፍል ገባን። ሰውየው የበረዶ ጫማውን እየፈታ ነበር፤ አየንና ወንበር ሳበልን። እንደ ወጉ እምቢ አልን፤ ጥያቄያችን ሳይመለስ እንደማንቀመጥ አስረዳሁት። ደነገጠ።

"ምነው፣ ሰው ሞተ እንዴ?"

በመሥሪያ ቤት ባሟሸሁት እንግሊዝኛ፣ እጄን አጣምሬ፣ ልጅቷ ግብ ባለማስቆጠሯ እንዳይቀየማት፣ ስለ ሽበታችን ብሎ እንዲታገሣት፣ ከቡድኑም እንዳያስወጣት ለመንኩት። አንዴ እኔን፣ አንዴ ከድርን አየ።

"የማስወጣት ሐሳብ የለኝም። ሁሉንም በየተራ ነው የማሳርፈው። መገኘት ያለባት ቦታ ላይ ሁልጊዜ ትገኛለች፤ ከባዱ እሱ ነው። ግቡ ይመጣል፤ እኔ አልቸኮልኩም" አለ።

ከድር ጉዳዩ ማለቁን አላስተዋለም። "እንግዲህ እሺ በለን!" አለው በአማርኛ።

ይህን ጊዜ ከኋላችን በሩ ተከፍቶ እንደነበር አወቅሁ። ሶልያና ቦርሳዋን በትከሻዋ እንዳንጠለጠለች፣ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ቆማለች።

"አባባ፣ ሶሪ አልከው? ስለ እኔ?"

ቦርሳዋን ተቀብዬ ወጣን። ወደ ቤት ስንመለስ ከኋላ ወንበር ላይ ሆና ዝግ ባለ ድምፅ፣ "ኮች እኮ ባድ ነሽ ብሎኝ አያውቅም። አንተ ነህ ያልከው" አለች። ከድር ራዲዮኑን ዘጋው።

ከዚያ ቅዳሜ ጀምሮ ወደ ግብ መምታት አቆመች። ግቡ ፊት ለፊቷ ባዶ ሆኖ ሳለ ፓኳን ለጓደኛዋ ታቀብላለች። ከልመናዬ በፊት መሳትን የማትፈራ ልጅ ነበረች፤ ፍርሃቱን ሱፍ ለብሼ ያደረስኩላት እኔ ነኝ። አሰልጣኙ አልተቆጣትም፣ አልጎተጎታትም፤ ተራዋ ሲደርስ ያስገባታል፣ ስትወጣ የራስ ቁሯን መታ መታ ያደርጋል። ሳምንታት አለፉ። እኔም ዝም ብሎ መቀመጥን ከእርሱ እማር ጀመር።

የውድድሩ ወቅት ሊያበቃ ሲል፣ አንድ ጨዋታ ላይ፣ ፓኳ ከጥግ ደረሰቻት። ቀና ብላ የምታቀብለው ሰው ፈለገች፤ በአቅራቢያዋ ማንም አልነበረም። መታች። ፓኳ የግቡን ብረት ነክታ ወደ ውጭ ወጣች። አሰልጣኙ ሁለት እጆቹን አንሥቶ፣ የገባ ያህል አጨበጨበ። እኔም ብድግ ብዬ አጨበጨብኩ፤ ወላጆቹ ዞረው አዩኝ።

ዛሬ ሶልያና አርሊንግተን ከተማ የራሷን ኑሮ መሥርታለች። ከዚያ በኋላ ብዙ ግብ አስቆጥራለች፤ የመጀመሪያውን እንኳ ለይቼ አላስታውሰውም። በእኛ ጊዜ ልጅ ሲለመንለት ይገባል እንጂ ለምን ተለመነልኝ ብሎ አይጠይቅም ነበር። እርሷ ጠየቀች። አሁን እንግዳ በመጣ ቁጥር የሽምግልናችንን ታሪክ እየሳቀች ታወራለች፤ የእኔን አቋቋም፣ የከድርን ጺም ሳይቀር ታስመስላለች፤ እኛም አብረን እንስቃለን። ሳትመታ ያለፈቻቸውን እነዚያን ሳምንታት ግን አንድም ቀን አንሥታቸው አታውቅም። ረስታቸው ይሁን ለእኔ ብላ ትታቸው፣ ለመጠየቅ እስከ ዛሬ አልደፈርኩም።