አመስግኜ ከትምህርት ቤት ያስወጣሁት ልጅ

በመምህራን ማሠልጠኛው ስለ ተማሪ አያያዝ ያስተማሩን ሰው ከባሕር ማዶ የመጡ ነበሩ። «የተማሪውን ልብ ማግኘት የሚፈልግ ቤቱ ድረስ ይሂድ፤ ከወላጆቹ ጋር ይተዋወቅ፤ በጎ በጎውን ይንገራቸው» ይሉን ነበር። እኔም በቆንጆ የእጅ ጽሑፍ ደብተሬ ላይ ገለበጥሁት። የየት አገር ቤት እንደሆነ ግን አልጠየቅሁም።

ለልምምድ የተላክሁት ድሬ ዳዋ፣ ስምንተኛ ክፍል ነው። ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ወራት ይቀሩኝ ነበር። ኋላ ከሚቀመጡት ተማሪዎች ሁለቱ ጢማቸውን ይላጫሉ፤ እኔ ገና ምላጭ አልገዛሁም። መከበሪያ ይሆነኛል ብዬ ከደጋ ያመጣሁትን የሱፍ ኮት እስከ ላይ ቆልፌ፣ ላቤ በጀርባዬ እየወረደ አስተምራለሁ። ተማሪዎቹ አይፈሩኝም፣ አይጠሉኝም፤ ያዝኑልኛል። ቢጠሉኝ ይሻለኝ ነበር። በዚህ ላይ «አንተ» መባሉ አለ። አንቱታ ከደጋ በባቡር ሲወርድ መንገድ ላይ ተንጠባጥቦ ያልቃል መሰለኝ፣ ድሬ ዳዋ ውስጥ ሁሉም ሰው «አንተ» ነው።

ከሁሉ የከበደኝ ግን አባቱ መጋላ በሚባለው ሰፈር የጨርቅ ሱቅ ያላቸው አንድ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነው። በሁለተኛው ቀን ሰሌዳ ላይ ረጅም ማካፈል ሠርቼ ዞር ስል፣ እጁን እንኳ ሳያወጣ «ጋሼ፣ ሦስተኛው መስመር ላይ ተሳስተሃል» አለኝ። አየሁት፤ ተሳስቻለሁ። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። እኔ በወረቀት የምታገለውን ሒሳብ እሱ በቃሉ ይጨርሰዋል። ሌሎቹ የሚያዩት የሱን ፊት ነው፤ ሲስቅ ይስቃሉ፣ ዝም ሲል ዝም ይላሉ። እሱን ከያዝሁ ሁሉንም እይዛለሁ ብዬ ደብተሬን ገለጥሁ።

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ የደረቀውን ወንዝ አሸዋ ተሻግሬ መጋላ ገባሁ። ከተማው ሁሉ ጥላ የሚፈልግበት ሰዓት ነው፤ በዚያ ፀሐይ የሚሄድ ፍጡር እኔ ብቻ ነበርሁ። አባትየው ቤታቸው ከሦስት ጎረቤቶቻቸው ጋር ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ጫት እየቃሙ በሶማሊኛ ይጨዋወታሉ። ኮቴን ሲያዩ ጨዋታው ቆመ። አጠገባቸው የነበረው ልጁ ቀስ ብሎ «ማዓሊም ነው» አለ፤ መምህሬ ነው ማለቱ ነው። አባትየው ወዲያው ቀበቶአቸውን መፍታት ጀመሩ።

«ምን አጠፋ?»

«ኧረ ምንም አላጠፋም!»

«ታዲያ አንተ ለምን መጣህ?»

በዚያ ሰፈር አስተማሪ የሰው ደጃፍ የሚረግጠው ለክስ ብቻ መሆኑን ማን ነግሮኝ? «ላመሰግነው ነው የመጣሁት» አልሁ። ጎረቤቶቹ ተያዩ። በዚህ ፀሐይ ኮት ለብሶ የሰው ልጅ ለማመስገን የሚመጣ ሰው ወይ አንድ ነገር ፈልጓል፣ ወይ ታሟል። ሻሂ ሲቀርብልኝ ግን እኔም ሞቅ አለኝና አፌን ከፈትሁ። እንደሱ ያለ ተማሪ አላየሁም አልሁ። ሒሳብ ከኔ ይበልጣል፣ ሰሌዳ ላይ ያርመኛል፣ እንዲያውም እኔ ለሱ የማስተምረው ነገር የለኝም አልሁ። ይህቺን የመጨረሻዋን ለማሳመሪያ ነው የጨመርኋት። ልጁ ፈገግታውን ለመደበቅ ወደ ግድግዳው ዞረ።

ሰኞ ልጁ አልመጣም። ማክሰኞም አልመጣም። ረቡዕ ወደ ሱቁ ሄድሁ። ከባንኮኒው ጀርባ ሜትር ይዞ ቆሟል።

«እንኳን መጣህ፣ ማዓሊም!» አሉኝ አባቱ፣ በጣም ደስ ብሏቸው። «አንተ እኮ ነህ የነገርከኝ። ከአስተማሪው በላይ ካወቀ እዚያ ምን ይሠራል? ጆንያ ሲሞላ አፉን መስፋት ነው።»

ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ ነው። የሚኒስትሪ ፈተና ሁለት ወር እንኳ አልቀረውም፣ ካልተፈተነ ሁለተኛ ደረጃ አይገባም፣ የስምንት ዓመት ድካሙ ከንቱ ይቀራል ብዬ ለመንኋቸው። ተምሮ የመንግሥት ሠራተኛ ይሆናል አልሁ።

«አንተ የመንግሥት ሠራተኛ ነህ?»

«ልሆን ነው።»

ጫማዬን አዩት። ወደ ሥራቸው ዞሩ። ልጁን ሳየው ደብተሮቹን ባንኮኒው ሥር በሥርዓት ደርድሯቸዋል። የዚያን ጊዜ ነው ውሸቱ የመጣልኝ።

«እውነቱን ልንገርዎት» አልሁ ድምፄን ዝቅ አድርጌ። «ቅዳሜ የመጣሁት ልከስ ነበር። ጎረቤቶችዎ ፊት ላዋርድዎት አፈርሁ እንጂ ልጁ ሰነፍ ነው። ከጎኑ ካለው ይገለብጣል። ማካፈል አይችልም። እዚህ ካስቀመጡት ሱቁን ያፈርስብዎታል።»

እንዲህ አንደበተ ርቱዕ መሆኔን እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር፤ ሰሌዳ ፊት ስቆም ግማሹም አይወጣኝም። አባትየው ሜትሩን ከልጁ እጅ ቀሙት። በሶማሊኛ ያሉት አልገባኝም፤ ልጁ ግን አንገቱን ደፋ። ከዚያ እጄን ጨበጡኝና «ወላሂ፣ ጨዋ ሰው ነህ» አሉኝ፤ «ሰው ፊት ሸፈንከኝ።»

ሐሙስ ልጁ ቦታው ላይ ነበር። በልቤ ለራሴ አጨበጨብሁ። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ አይጠይቅም፣ አይስቅም፣ ቀና ብሎም አያየኝም። እሱ ዝም ሲል ክፍሉም ዝም አለ። ከማሠልጠኛው ሊገመግሙኝ የመጡት መምህር ዝንብ ስትበር የሚሰማበትን ክፍል አይተው፣ ከተማሪዎቼ ጋር ያለኝን ግንኙነት አደነቁልኝ። አንድ ቀን ሆን ብዬ ሰሌዳ ላይ ተሳሳትሁና ጠበቅሁት። ስህተቱን እንዳለ ደብተሩ ላይ ገለበጠው። ያ ከስድብ ሁሉ በላይ አመመኝ።

ላስረዳው እችል ነበር። አስተማሪ ለተማሪ ምክንያት አይደረድርም እያልሁ ራሴን አሞኘሁ እንጂ እውነቱ ፈርቼው ነው።

ሚኒስትሪውን ማለፉን በኋላ ሰማሁ። ልምምዴ ባለቀበት ቀን ግን ይህን ገና አላውቅም፤ ልጁን የትምህርት ቤቱ በር ላይ ጠብቄ ነገሩን ከሥር እስከ ጫፉ ነገርሁት። እስክጨርስ ሰማኝ።

«አባቴ እስካሁን ደደብ ነው የሚለኝ» አለ።

«ይቅርታ አድርግልኝ። ሌላ መንገድ አጥቼ ነው። ለአንተው ብዬ ነው።»

«እሱ ምንም አይደል።» ደብተሮቹን ወደ ሌላው ብብቱ አዛወረ። «አቦ ጋሼ፣ ያን ቀን እዚያው ቆሜ ነበር እኮ። በዓይንህ አንዴ ብትጠቅሰኝ፣ አብሬህ እዋሽ ነበር።»