የቲና እናት ገበያ ወጣች

በ1988 ዓ.ም. መካኒሳ ውስጥ፣ አራት ቤተሰብ አንድ የውሃ ቧንቧ በሚጋራበት የቀበሌ ግቢ፣ ፅጌረዳ የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ ቦጋለ የጋራዥ ሠራተኛ ነው። የሰባት ዓመቷ ልጃቸው ሚካል በዚያው ዓመት አንደኛ ክፍል ገብታለች። ፅጌረዳ ድሮ ሳቋ መንገድ ላይ የሚሰማ፣ ውሃ ሲጠፋም መብራት ሲጠፋም “ነገ ይመጣል” ማለት የማይሰለቻት ሴት ነበረች። ያን ዓመት ግን ከመስከረም ወዲህ የግቢውን በር አልፋ አታውቅም።

መስከረም ሠላሳ ቀን ሴት ልጅ ወለደች። ግቢው በእልልታ ደመቀ። ሚካል እህቷን “ቲና” ብላ ስም አወጣችላት። በዘጠነኛው ቀን ረፋዱ ላይ ሕፃኗን ትኩሳት ያዛት፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ አረፈች። ሁለት ሰዎች በነጠላ ጠቅልለው ይዘዋት ሄዱ። ክርስትና ላልተነሣ ሕፃን ድንኳን አይተከልም፣ የዕድር ጡሩምባም አይነፋም። ጎረቤቶች አንድ ረፋድ ተቀመጡና “ገና ልጅ ነሽ፤ ሌላ ይተካልሽ” ብለዋት ተነሡ። ቦጋለም የሕፃኗ ስም በቤት ውስጥ እንዳይነሣ አለ። ክፋት ኖሮበት አይደለም። እናቱ ሦስት ቀብረው አንዱንም በስም ሲጠሩ ሰምቶ ስለማያውቅ፣ ሐዘን የሚያልፈው እንደዚያ ነው ብሎ ነው።

የፅጌረዳ ጡት ግን ይህን ወግ አያውቅም። ሳምንት አልፎ ሳምንት ሲተካ ቀሚሷን ያረጥባታል። አራስ እንዳትባል ሕፃን የላትም፤ ሐዘንተኛ እንዳትባል ለቅሶ የተቀመጠላት የለም። ስለዚህ ተኛች። ሚካል ፀጉሯ ሳይሠራ፣ አንዳንድ ቀንም ቁርስ ሳትቀምስ ትምህርት ቤት ትሄዳለች፤ አንዳንድ ቀን ጭራሽ ትቀራለች።

ወሬው ደብረ ሲና ደረሰ። የቦጋለ ታላቅ እህት እትዬ ሙሉመቤት በሰው መልእክት ላኩ፤ “ለገብርኤል እመጣለሁ። ስመለስ ልጅቷን ይዣት እሄዳለሁ። እናቷ ራሷን ስታውቅ እመልስላታለሁ።” ቦጋለ ይህን ሲነግራት ፅጌረዳ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እንቢ ማለት ፈልጋለች። ግን በምን አፏ?

በግቢው ማዶ የቃለሕይወት እናት ትኖራለች። ከወላይታ፣ ከቦዲቲ የመጣች ናት፤ ከአገሯ የሚላክላትን ቅቤ እየቸረቸረች ልጆቿን ታሳድጋለች። ከፅጌረዳ ጋር ከሰላምታ አልፈው አያውቁም። እሑድ እሑድ ከቤቷ መዝሙሩና ጭብጨባው ሲሰማ ፅጌረዳ፣ “እነሱማ ምን ሐዘን ያውቃሉ፣ ሲዘምሩ የሚውሉ” ትል ነበር።

ታኅሣሥ አሥራ ስምንት ቀን ከሰዓት በኋላ ይህቺው ሴት በሩን ገፋ አድርጋ፣ “የሚካል እናት፣ ልግባ?” አለች። መልስ ሳትጠብቅ ገብታ ዱካው ላይ ተቀመጠች። በእጇ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ነገር ይዛለች።

“ምጡ በረታብሽ ወይስ ቶሎ ለቀቀሽ?”

ፅጌረዳ ከትራሷ ቀና አለች። “የምን ምጥ?”

“የቲና።”

ከወለደች ሰማንያ ቀን ሊሞላ አንድ ቀን ቀርቶታል፤ እስከዚያ ይህን የጠየቃት ሰው አልነበረም። ስሟን የጠራም የለም። “ከጠዋት እስከ ማታ ነው” አለች ፅጌረዳ። “እትብቱ አንገቷ ላይ ተጠምጥሞ ነበር...” ከጀመረች በኋላ ማቆም አቃታት። የሕፃኗን ፀጉር፣ ስትጠባ የምታሰማውን ድምፅ፣ ቡጢ የምታህል እጇን፣ ሁሉንም አወራች። የቃለሕይወት እናት አንዴም “ተይው፣ አትብሰልሰዪ” አላለቻትም።

ሲበቃት ሴትዮዋ፣ “በእኛ አገር” አለች፣ “የወለደች ሴት ስትቀለብ ቆይታ፣ ጊዜዋ ሲደርስ ቅቤ ተቀብታ፣ ያላትን ለብሳ ገበያ ትወጣለች። ሰው ያያታል፣ ይመርቃታል። ወደ ሥራዋ የምትመለሰው ከዚያ በኋላ ነው። አንቺ እንደገባሽ ቀረሽ። ያወጣሽ የለም።”

“ልጅ የሞተባትም ትወጣለች?”

የቃለሕይወት እናት የኮባውን ቅጠል ጠርዝ ስትቆነጥር ቆየች። “አትወጣም። አልዋሽሽም። የመጀመሪያው ልጄ ሲሞትብኝ እኔንም ማንም አላወጣኝም። ሁለት ዓመት ሙሉ ሰው ሲስቅ ካየሁ እጠላው ነበር። እስከ ዛሬ አንድ ሰው እጄን ይዞ ቢያወጣኝ ኖሮ እላለሁ።”

ፅጌረዳ ስለ መዝሙሩ ያለችው ትዝ ብሏት አንገቷን ደፋች። ይህቺም ቀብራለች።

“ሰው ምን ይላል?”

“አሁንስ ምን እያለ ነው? ልጅሽን ሊወስድ መንገድ ላይ አይደል?”

“ሐዘን ላይ ቅቤ? በዚያ ላይ ጾም ነው።”

“ተቀቢው አልኩሽ እንጂ ብዪው አልኩሽ?”

ፅጌረዳ ሳታስበው ሳቅ አመለጣት። የገዛ ድምፅዋ አስደነገጣት፤ የልጇን መቃብር የረገጠች መሰላት። “ሂጂልኝ፣ የቃለሕይወት እናት። ሂጂልኝ በቃ” አለች። ሴትዮዋ አልተቀየመችም፤ ቅቤውን ከነቅጠሉ ዱካው ላይ ትታላት ወጣች።

በማግስቱ ገብርኤል ነበር። ሰማንያኛው ቀን። ቲና ብትኖር ነጭ ለብሳ ብስራተ ገብርኤል ክርስትና የምትነሣበት ቀን ነው። ነጠላ የለበሰ ሕዝብ ከግቢው አጥር ውጭ ያልፋል። ቦጋለ እህቱን ሊቀበል አውቶቡስ ተራ ሄዷል። ሚካል ወለሉ ላይ ተንበርክካ ደብተሮቿን ትንሽ ሻንጣ ውስጥ ትከትታለች።

“እማዬ፣ ደብረ ሲና ትምህርት ቤት አለ?”

“አለ።”

“ይቺንስ ልውሰዳት?” ልጅቷ ከፍራሿ ሥር አንዲት ነጭ የሕፃን ኮፍያ አወጣች። “እዚህ ከቀረች አባዬ ይጥላታል።”

ፅጌረዳ የሕፃኗ ዕቃ ሁሉ ለሰው የተሰጠ መስሏት ነበር። ልጅቷ ከሁለት ወር በላይ የእህቷ ኮፍያ ላይ ተኝታለች፤ የምትነግረው ሰው አጥታለች። ፅጌረዳ ከአልጋው ወረደች። ቅቤውን አንሥታ፣ ግድግዳ እየያዘች ግቢውን አቋረጠችና የቃለሕይወትን እናት፣ “ቀቢኝ” አለቻት።

መካኒሳ ገበያ ደረሱ። የለበሰችው የሠርጓን ማግስት ቀሚስ ነው፤ ቅቤው በፀሐይ እየቀለጠ በጆሮዋ ሥር ይወርዳል። ሚካል ዘንቢሉን ይዛለች። ሽንኩርት የሚሸጡ አንዲት ባልቴት አይተዋት ፈገግ አሉ።

“ወልደሽ ነው፣ ልጄ? ምን ወለድሽ?”

የቃለሕይወት እናት ክርኗን ይዛታለች፤ ግን አልመለሰችላትም። ፅጌረዳ ራሷ መለሰች።

“ሴት። ቲና ትባላለች። ዘጠኝ ቀን ቆይታ አረፈች።”

“የእኔ እህት ናት” አለች ሚካል።

አጠገባቸው ጎመን ስትመርጥ የነበረች ሴት፣ “ሐዘን ላይ ቅቤ፣ ጉድ ነው” ብላ ፊቷን አዞረች። ባልቴቷ ግን እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠርገው ብድግ አሉ። “እንኳን ማርያም ማረችሽ” አሏት።

ለወለደች ሴት ሁሉ የሚባል ቃል ነው። ለፅጌረዳ ግን ሕፃኗ ከሞተች ወዲህ ማንም አላላትም፤ እሷም ከምጥ መትረፏን ረስታው ነበር። እዚያው ሽንኩርቱ መሐል ቆማ አለቀሰች። ማንም ዝም በዪ አላላትም።

ቤት ሲመለሱ እትዬ ሙሉመቤት ጋቢያቸውን እንደለበሱ አልጋው ላይ ተቀምጠዋል።

“ምንድን ነው የሚሸተኝ?”

“ቅቤ ነው፣ እትዬ።”

“ልጅሽን ቀብረሽ? በጾም?”

“ዛሬ ሰማንያዋ ነበር” አለች ፅጌረዳ። “ገበያ ወጥቼ ነው። ሚካል አትሄድም።”

“አንቺ ራስሽን ሳትችዪ?”

“አልቻልኩም። ሲያቅተኝ እርስዎ እዚህ መጥተው ያግዙኝ። ልጄን ግን አይውሰዱብኝ።” ከዚያ ወደ ባሏ ዞረች። “ቦጋለ፣ ስሟ ቲና ነው። ከዛሬ ጀምሮ እጠራዋለሁ።”

ቦጋለ ሚካል እጅ ላይ ያለችውን ኮፍያ አየ፤ ወጥቶ ቧንቧውን ከፈተና ፊቱን ሲታጠብ ቆየ። በጣም ቆየ። እትዬ ሙሉመቤት በመስኮቱ አዩት። ጋቢያቸውን አውልቀው አጠፉና፣ “እስከ ጥምቀት እቀመጣለሁ” አሉ። “ከዚያ እናያለን።”

ፅጌረዳ ሚካልን ጉልበቷ መሐል አስቀምጣ፣ በኮባው ቅጠል ላይ በቀረው ቅቤ ፀጉሯን ትሠራት ጀመር። ከሠራችላት ስለቆየ ሹሩባው ጠማማ ወጣ።

ሰኞ ጠዋት ሚካል በዚያው ጠማማ ሹሩባ ትምህርት ቤት ሄደች። ፅጌረዳ እስከ ትምህርት ቤቱ በር ሸኘቻት። ስትመለስ መንገዱን ሙሉ አለቀሰች፤ ማክሰኞም እንዲሁ። ግን ማክሰኞም ሸኝታት ነበር።