ጠጠር እንደ ገብስ አይሰፈርም

መሐል ሜዳ ከተማ ጉሙ ከሰው ቀድሞ ይነሳል። የመንገድ ሥራው የአፈር ላቦራቶሪ ከከተማው ዳር ያለች የቆርቆሮ ቤት ናት። ያን ሰሞን በሯን ስከፍት ጉሙ አብሮኝ ይገባና ታላቅ ወንድሜ ማሽኑ አጠገብ የቆመ ይመስለኝ ነበር። ጠጋ ስል... የለም። ከቀበርነው ገና ወር አልሞላም ነበር።

ሥራውን ያስተማረኝ እሱ ነው። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ቤት ስቀመጥ እዚህ አስገባኝ። ለመንገዱ የሚሆነውን ጠጠር በብረት ሣጥን እንሞላለን። ማሽኑ የሣጥኑን የላይ ግማሽ በታችኛው ላይ ይገፋል። ጠጠሩ እስኪሸነፍ የቻለው ግፊት፣ ያ ነው ጥንካሬው።

መጀመሪያ ቀን ሣጥኑን ሞላሁ፣ ነቅነቅ አደረግሁና ጨመርኩበት። በእኛ አገር እህል ሲሰፍር ቁናውን የማይነቀንቅ ሰው ስስታም ይባላል።

«አንተ፣ ገብስ መሰለህ እንዴ?» አለኝ እየሳቀ።

«በደንብ እንዲሞላ ብዬ ነው፣ ጋሼ።»

«ስትነቀንቀው ደቃቁ ወደ ታች ይሰርጋል፣ ትልልቁ ላይ ይቀራል። ከዚያ የለካኸው ጠጠሩን አይደለም፤ ቸርነትህን ነው።»

ሲሞት የመጨረሻ ውጤቱ አልጸደቀም ነበር። የመንገዱ መሐንዲስ ተጠራጠሩት። «ከዚህ የድንጋይ ካባ የወጣ ጠጠር ይህን ያህል አይችልም። ድገመው። ካልተቀራረበ እንጥለዋለን» አሉኝ። የእጁ የመጨረሻ ሥራ ነው። እንዴት ይጣላል?

ደገምኩ። አንዱ ከፍ፣ አንዱ ዝቅ አለ። እንደገና ሞከርኩ፤ ያው ነው። ከዚያ እጄን አየሁት። ሣጥኑን ይነቀንቃል። እኔ ሳላውቀው። ሐዘን ሲይዘን እጃችን ወደ ድሮው ይመለሳል መሰለኝ።

ደቃቁና ትልልቁ እንዳይለያዩ ጠጠሩ ላይ ውሃ አርከፈከፍኩ። በጭልፋ፣ ከላይ ሳልወረውር፣ በስሱ እየደረብኩ አስተኛሁት። እያንዳንዱን ድርብ እኩል ጠቀጠቅሁ። እንደ እሱ። ማሽኑ ሲያቃስት ጉሙ መስኮቱ ላይ ቆሞ የሚያየኝ መሰለኝ።

ውጤቶቹ ተቀራረቡ። እርስ በርስም፣ ከእሱም ጋር።

መሐንዲሱ ደጋግመው አዩት። «የወንድምህ ውጤት ይጸድቃል» አሉ ቀስ ብለው።

ለአርባው ተዝካር የጠላውን ገብስ የሰፈርኩት እኔ ነኝ። ቁናውን ሞላሁና አፉን በመዳፌ በቀስታ አስተካከልኩት።

«ምን ነካህ?» አለች እናቴ። «ነቅነቅ አድርገው እንጂ! ለነፍሱ አይደለም እንዴ?»

ነቀነቅሁት። ገብሱ ሰመጠና ቦታ ተገኘ። ጨመርኩበት። አሁንም ነቀነቅሁት።