ሦስት ዓመት ያልተከረከመው የእትዬ ጉሊኮ ወይን

ጎረቤቴ እትዬ ጉሊኮ፣ ባላቸው ዛክሮ ከሞቱ ጀምሮ ሦስት ዓመት ሙሉ የጓሮውን ወይን በመቀስ አልነኩም። በእኛ በወይን አገሩ በካኬቲ ወንዶች ሐዘን ሲገባ አርባ ቀን ጢማቸውን አይላጩም፤ እሳቸው ደግሞ «እሱ የከረከመውን እጄ አይደፍረውም» ብለው ወይኑንም ሐዘን አስቀመጡት። ወይን ግን ጢም አይደለም። ቅርንጫፉ እርስ በርሱ ተጠላልፎ ጫካ ሆነ፤ አምና የሰጠው ፍሬ ለወፍ እንኳ አይበቃም ነበር።

ይኼኔ የባላቸው ወንድም አሚራን ተነሣ። «እትዬ፣ ይኼ ወይን ደክሟል። ልንቀለውና ለመኪናዬ ጋራዥ ልሥራበት።»

ቦታው የሁለቱ ወንድማማቾች የጋራ ርስት ነው፤ እንቢ ማለት አይቻላቸውም። «የዘንድሮን መኸር ታገሠኝ» አሉት። «ፍሬ ካልያዘ እኔው ራሴ አብሬህ እቆፍራለሁ።»

የካቲት ሲያልቅ ልጄን አዝዬ መሰላል ልይዝላቸው ሄድኩ።

«እዪ፣ ፍሬ የሚሰጠው አምና የበቀለው ቅርንጫፍ ላይ ነው» አሉኝ ከላይ ሆነው። «አንድ ረጅም ትተዪና ከሥሩ ሁለት እምቡጥ ያላት አጭር ጉቶ ታስቀሪያለሽ። ረጅሙ ለዘንድሮ፣ አጭሯ ለከርሞ። ሌላው ይውረድ።»

«ይኼ ሁሉ?»

«ይኼ ሁሉ! ሐዘን ሌላ፣ ስንፍና ሌላ።»

እስከ ቀትር ከአሥሩ ዘጠኙ መሬት ወረደ። አሚራን በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ ሳቀ። «ምነው እትዬ፣ ምልምል ወታደር አስመሰልሽው! ጋራዡን ራስሽ ጀመርሽልኝ በይኛ!»

ከሳምንት በኋላ ከተቆረጠበት ሁሉ ውኃ ይንጠባጠብ ጀመር።

«ይኸው አስለቀስሽው» አላቸው አሚራን።

«ያልቅስ! እሱ ባያለቅስ አልቃሿ እኔ ነበርኩ። ሥሩ ሕያው ነው ማለት እኮ ነው።»

እውነትም ሚያዝያ ላይ እምቡጡ ፈነዳ፤ በየቀንበጡ ሁለት ሁለት ዘለላ ወጣ። እትዬ ጉሊኮ ዘለላው ነፋስ እንዲያገኘው ዙሪያውን ያለውን ቅጠል ቀነጠሱ፤ የማይረባውንም አዲስ ቀንበጥ እየዞሩ በጣታቸው ሰበሩ። በመኸሩ ሰባት ቅርጫት ለቀምን። ስድስተኛውን የተሸከመው አሚራን ነው፤ አፉ በወይን ተሞልቶ ነበር።

«እሺ፣ ጋራዡን የት ልሥራ?» አለ።

«አንተ ጓሮ ያለው ኮክ ደርቆ የለም እንዴ? እሱን ንቀል።»

«ኮኬ አልደረቀም!»

«ይኸውልህ! በል መሰላልህን አምጣና ለእሱም መላ እንፈልግለታለን።»

ጋራዥ እስከ ዛሬ አልተሠራም። የአሚራን መኪና የምትቆመው ከእትዬ ጉሊኮ ወይን ጥላ ሥር ነው።