በወንዙ የታጠበው ቆስጣ

እትዬ ሠርካዲስ የሚኖሩት ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ እንጀራቸው ግን ከታች፣ ወንዙ ዳር ነው። ከአባታቸው በወረሱት ቁራጭ መሬት ቆስጣ ያለማሉ፣ ልደታ ማርያም በር ላይ ይሸጣሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ያጠጡት ያንኑ ጥቁር ወንዝ ነው። እኛ ከፎቅ የሽንት ቤታችንን ፍሳሽ እንለቅበታለን፣ እሳቸው ቅጠል ያበቅሉበታል፣ መልሰን እንበላዋለን። ሁላችንም እናውቃለን። አውቀን ዝም!

አምና ከፍሳሽ ማጣሪያው የተጣራ ውሃ በቧንቧ መጣላቸው። የማጣሪያው ባለሙያ ቤካ ቧንቧውን ከፍቶ፣ "እማማ፣ ከእንግዲህ ወንዙን ይርሱት። ቆስጣው ምርመራውን ካለፈ ቧንቧው የእርስዎ ነው፤ ከወደቀ ግን ይነቀላል" አላቸው።

እፍኝ ቀድተው አሸተቱት። "አይሸትም እኮ! ይሄ ደግሞ ምን ጉልበት ይኖረዋል?"

ነበረው። ቆስጣው ተንዠረገገ። "የወንዝሽን ጉድ ለልጆቼ አላበላም" ስትል የኖረችው ባለሱቋ ጎረቤታቸው ኡሙልኸይር እንኳ ዘንቢል ይዛ መጣች። "ሠርኬ፣ ዛሬ ገና ሰው ሆንሽ!" ብላ ቀለደችባቸው። እትዬ የዚያን ቀን ሲስቁ ከግቢው ማዶ ይሰማ ነበር።

የምርመራው ናሙና የተወሰደው ከማርያም በር፣ ከቅርጫታቸው ላይ ነው። ወደቀ።

ቤካ ፊቱ ጠቁሮ መጣ። "እማማ፣ ቅጠሉ ላይ የሰገራ ጀርም ተገኘ። ወንዙን አጠጡት?"

"ማርያምን! ጠብታ አላጠጣሁም!"

"ታዲያ ከየት መጣ?"

"እኔ ምን አውቄ! እንደ ወትሮው ለቅሜ፣ አጥቤ ነው ያወጣሁት።"

"በምን አጠቡት?"

እትዬ በእጃቸው ወደ ወንዙ አመለከቱ። "ጭቃ የያዘ ቆስጣ ማን ይገዛኛል፣ ልጄ? አባቴም እዚያው ነበር የሚያጥበው።"

ቤካ ራሱን ይዞ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። አለቆቹ ዘንድ ሄዶ ለመናቸው፤ "ወድቋል፣ ወድቋል" አሉት። ቧንቧው ተነቀለ።

እኔ የምለው፣ ያን ሁሉ ቧንቧ ስትዘረጉ አንዲት የማጠቢያ ገንዳ ከበደቻችሁ? ገበሬ ቅጠሉን ሳያጥብ ገበያ እንደማይወጣ የምታውቅ አንዲት ነፍስ በቢሯችሁ ጠፋች? እትዬም ቢሆኑ! የወንዙ ውሃ ለሥሩ ካልሆነ ለቅጠሉ እንዴት ይሆናል? ግን ማን ነገራቸው? ስንበላ የኖርነው እኛስ መች ጠየቅን?

አሁን እትዬ ወንዙን መልሰው ያጠጣሉ። ኡሙልኸይር በደጃቸው ስታልፍ ሰላምታዋ አጥሯል፤ ዘንቢሏን በሌላኛው ጎኗ ትይዛለች።

ባለፈው በወሩ መባቻ፣ ልደታን ተሳልማ የወጣች አንዲት ወጣት እናት ቅርጫታቸው ላይ አጎንብሳ፣ "ሲያምር! ታጥቧል እንዴ?" አለቻቸው።

እትዬ ቆስጣውን በጋዜጣ እየጠቀለሉ፣ ፊታቸውን ከቤተ ክርስቲያኑ አዞሩ።

"ታጥቧል" አሏት።